ሐምራዊው ረድፍ ላይ የቆሙት ሽማግሌዎች

ይህ ታሪክ እውነት ነው። ከነነጠላ ሰረዙ እውነት ነው። ቅዱስ ሚካኤልን! አንዲት ቃል የተጨመረበት እንደሆነ ከዴንቨር በስተምዕራብ የተገተሩት ተራሮች ተነቅለው አናቴ ላይ ይውረዱ። ሦስት ሽማግሌ ምስክር አለው። «እኔ እጠራጠራለሁ» የሚል አንባቢ ካለ ገጹን ገልጦ የመኪና ኢንሹራንስ ማስታወቂያውን ያንብብ፤ ለእሱ ዓይነቱ የሚመጥነው እሱ ነው።

ምናሉ በፈረንጆቹ 2015 ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር። በዲቪ ከመጣ አራት ዓመት ሆኖታል። ኮሜርስ ሲቲ ከሚገኙት መጋዘኖች በአንዱ ዕቃ ማንሻ መኪና፣ ፎርክሊፍት፣ ይነዳል። አነዳዱን ያዩ ሲመሰክሩ፣ እንቁላል የተደረደረበትን የእንጨት ርብራብ፣ ፓሌት የሚሉትን፣ ጣሪያ ድረስ አንስቶ ሲያወርድ አንዲቱ እንቁላል ከጎረቤቷ ጋር አልተነካካችም ይላሉ። ማታ የሚገባው ቻምበርስ ሮድ ላይ ካለ አፓርታማ ነው፤ ሁለት መኝታ ቤት፣ አምስት ወንደላጤ፣ አንድ መታጠቢያ። ጠዋት ጠዋት ለመታጠቢያው ወረፋ የሚደረገው ትግል ቢጻፍ ራሱን የቻለ ሦስት ቅጽ ይወጣዋል።

አንድ ቀን ጣቱን ፓሌት ጨፈለቀውና ሰፈሩ ወዳለው ፋርማሲ ሄደ። ከመስኮቱ ጀርባ ሄራን ቆማ ነበር። ሄራን እዚሁ ዴንቨር የተወለደች፣ አማርኛዋን በቤተ ክርስቲያን ሰንበት ትምህርት ቤት የተማረች ፋርማሲስት ናት። ወላጆቿ በሱዳን በኩል በስደት መጥተው፣ ከስንት ዓመት በኋላ ስቴፕልተን ላይ ቤት ገዝተዋል፤ የድሮው ኤርፖርት ፈርሶ በተሠራው፣ ሣሩ እንኳ በማስመሪያ በሚታጨድበት ሰፈር። ዓይኗን ልግለጽ ቢባል የዚህ መጽሔት ወረቀት አይችለውም፤ ይቃጠላል።

ጣቱን አየች። ከዚያ እሱን አየችው። ጣቱን ያየችበት ጊዜ አጭር ነበር።

ምናሉ የሚለው ጠፋው። መታወቂያዋ የተንጠለጠለበት ሐምራዊ ማንገቻ ላይ የከተማዋ የቤዝቦል ቡድን ስም ተጽፏል። እሱን ያዘ።

«ሮኪስ ትወጃለሽ?»

«አባዬ ስታዲየም ውስጥ አሸር ነው። ሰውን ወደ ወንበሩ የሚወስድ። ሪታየር ካደረገ በኋላ ነው የገባው፣ ለፍቅሩ ብሎ። አንተስ? ቤዝቦል ትወዳለህ?»

እውነቱን ለመናገር ምናሉ ቤዝቦልን ከነነፍሱ ይንቀው ነበር። መጋዘኑ ውስጥ በምሳ ሰዓት ቴሌቪዥኑ ሲከፈት ያያል፦ አንዱ ኳስ ይዞ ያስባል፤ ሌላው ዱላ ይዞ ይጠብቃል፤ የቀሩት ሜዳ ላይ ተበታትነው ሱፍ እየፈለፈሉ ይተፋሉ። ይህንንም በዓመት መቶ ስድሳ ሁለት ጊዜ! ደግሞ ቡድኑ! ያን ዓመት የዴንቨሩ ቡድን ምድቡ ሥር ተዘርግቶ ተኝቶ ነበር። ተጫዋቹ ይሸነፋል፣ ቆቡን ያስተካክላል፣ ነገ ደግሞ ሊሸነፍ ይመጣል። ያገሬ አህያ እንኳ በዚህ ትዕግሥት አይገረፍም።

«በጣም!» አለ ምናሉ። «ያለ ቤዝቦል አልኖርም።»

ሳቀች። ምናሉ መድኃኒቱን ሳይወስድ ወጣ፤ ሊወስድ ተመለሰ፤ ገንዘብ ከፍሎ መድኃኒቱን ደግሞ ረሳው። ጣቱ ሕመሙን ያቆመው መንገድ ላይ ነው፤ ሕመሙ ሌላ ቦታ ሄዶ ተቀምጧል።

እንዲህ ያለ ነገር የያዘው ሰው ቻምበርስ ሮድ ላይ ወዴት እንደሚሄድ የታወቀ ነው፤ ወደ ጋሼ መልከጼዴቅ። መልከጼዴቅ የኤርፖርት ሻትል ሾፌር ነው። እሱ የማያውቀው ሰው አልተወለደም፤ ከተወለደም መልከጼዴቅ ክርስትና አንስቶታል። ያስታረቃቸው ባልና ሚስቶች ቢሰለፉ ከአውሮራ ተነስተው ካንሳስ ይገባሉ።

«ሄራን? የሀይለማርያም ልጅ?» አለ መልከጼዴቅ፣ ጺሙን እያሻሸ። «ተወው ለእኔ። በስልክ አናግረዋለሁ። እኔና እሱ የአንድ እናት ልጆች ማለት ነን።»

በሦስተኛው ቀን መልሱን ይዞ መጣ። ፊቱ ጠቁሯል።

«ሰውዬው ምን እንዳለኝ ብነግርህ ታለቅሳለህ።»

«ይንገሩኝ፣ ጋሼ መልከ።»

«'የዲቪ ጫማ ደጄን አይረግጥም' አለኝ። 'እኛ በረሃ በእግር አቋርጠን የመጣነውን አገር፣ እነሱ በዕጣ ወጥቶላቸው በአውሮፕላን ተኝተው መጡበት' አለ። 'ሣጥን ተሸካሚ!' አለህ። ደግሞ ምን አለ? 'ሃያ ዓመት የደገፍኩትን ቡድን የማያውቅ፣ ልጄን አያውቃትም። ጠይቄ ካልመለሰ እንዳላየው!'»

የምናሉ ጥርስ ድምፅ አወጣ። እንግዲያውስ ይማረዋል! ያን የተኛ ቡድን ከነአጥንቱ ይማረውና ፊታቸው ላይ ይዘረግፈዋል! ተንቆ የማያውቅ ሰው፣ ያን ቀን ንቀት ምን ያህል እንደሚያሞቅ አወቀ። በዚያ ሳምንት ሌሊት ብርድ ልብስ አላስፈለገውም።

በማግሥቱ ሄራንን «ስለ ቡድኑ ሰው የማያውቀውን ነገር አስተምሪኝ» አላት። እሷ ሌላ መሰላት። ይህ ሰው ለካ እውነትም የቤዝቦል ፍቅር ይዞታል፤ የእኔና የእሱ መግቢያ በር ይህ ነው ብላ ደስ አላት። ከአባቷ እየለቀመች፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ፊደሏ፣ በትልልቁ እየጻፈች፣ ወረቀቱን በመድኃኒት ከረጢት ውስጥ አድርጋ በስቴፕለር ትዘጋለታለች። እሱ ደብዳቤ ለመቀበል ሲል ቅባት ይገዛል። በሦስት ወር ውስጥ የገዛው የጣት ቅባት አንድ ክፍለ ጦር ከነፈረሱ ያሽ ነበር።

የመጀመሪያው ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦

«ምናሉ፣ የዴንቨር አየር ደረቅ ነው። ኳሱ ሲደርቅ ሲመቱት ከልክ በላይ ይሄዳል። ስለዚህ ኳሶቹን እርጥበት ባለው ልዩ ክፍል ያስቀምጧቸዋል። እኔ ሰውም እንደዚህ ነው ብዬ አስባለሁ። የሚያረጥበው ከሌለ ይደርቃል። አንተን ማን ያረጥብሃል?»

ምናሉ ሦስት ቀን ሙሉ አጠና። መልሱን ጻፈ፦ «ደርሶኛል። ክፍሉ ሥራ የጀመረው በ2002 ነው። ሌላ ላኪ።»

ሁለተኛው፦ «ከላይኛው ፎቅ ወንበሮች መካከል ሃያኛው ረድፍ ብቻውን ሐምራዊ ነው። ሌላው በሙሉ አረንጓዴ። ከባሕር ወለል በላይ ልክ አንድ ማይል የሚሆነው እዚያ ስለሆነ ነው። ከሁሉ ተለይታ የቆመች አንድ ነገር አይተህ ታውቃለህ?»

እሱ፦ «አንድ ማይል 5,280 ጫማ ነው።»

ሦስተኛው፦ «ስታዲየሙ ሲሠራ ሲቆፍሩ የዳይኖሰር አጥንት አገኙ። ማስኮታቸው፣ የቡድኑ መለያ አሻንጉሊት፣ ሐምራዊ ዳይኖሰር የሆነው ለዚያ ነው። አንተን ቢቆፍሩህ ምን ይገኛል?»

እሱ፦ «የዳይኖሰሩ ዓይነት ሦስት ቀንድ ያለው ነው።»

እንዲህ ያለ ደደብ በኮሎራዶ ምድር አልታየም። ቢታይ ኖሮ እሱንም ቆፍረው አውጥተው ማስኮት ያደርጉት ነበር። ግን ፍረዱ፤ ምናሉ የሚያነበው ደብዳቤ ሳይሆን የፈተና ወረቀት ነው። ከእያንዳንዱ ፊደል ጀርባ አቶ ሀይለማርያም ሐምራዊ ሰደርያ ለብሰው፣ ከንፈራቸውን ጠምዝዘው፣ «እህ? ሣጥን ተሸካሚ?» እያሉ ይታዩታል።

በነሐሴ መጨረሻ የመጣው ደብዳቤ ረዘም ያለ ነበር።

«በፈረንጆቹ 2000 አንድ ቀን ቡድኑ ወርዋሪ አለቀበት። ጨዋታው አላለቀም። ኳስ ያዡን 'አንተ ወርውር' አሉት። ሥራው አልነበረም። ክንዱ እየተንቀጠቀጠ ወረወረ። አሸነፈ። የማያውቀውን ነገር ደፍሮ የሞከረ ሰው አሸነፈ። ምናሉ፣ አንተ መቼ ነው የምትወረውረው?»

ምናሉ መልስ ጻፈ፦ «ቀኑ ኦገስት 22 ነው። የተሸነፈው የአትላንታ ቡድን ነው።»

የዚያን ሳምንት ከረጢቱ በስቴፕለር አልተዘጋም።

«አቶ ምናሉ፤ ኢንሳይክሎፔዲያ ማግባት ስፈልግ ኦንላይን አዛለሁ። ሦስት ወር ሙሉ በሬን ከፍቼ ቆሜ፣ አንተ የበሩን ቁመት ለክተህ ትልክልኛለህ። እኔ ፈተና አራሚ አይደለሁም። ፊኒክስ ሥራ አግኝቻለሁ። ሰኞ ፊርማዬን ይጠብቃሉ። ቅባቱ ከበቃህ በኋላ እንኳ ለምን ትመጣ እንደነበር አልነገርከኝም።»

ምናሉ ወረቀቱን ይዞ ፋርማሲው በር ላይ ቆመ። በመስታወቱ ውስጥ ትታየዋለች፤ ቀና አላለችም። የሰው ልጅ ማጅራት እንዲህ ሊንቅ እንደሚችል ከዚያ በፊት አያውቅም ነበር።

«አባቷ ነው!» አለ መልከጼዴቅ፣ ደብዳቤው ሲነበብለት። «አየህ ንቀቱን? ልጅቱን ወደ ፊኒክስ ሊያሸሻት ነው። ሰኞ ሳይደርስ ሽማግሌ እንልካለን።»

«ደጃቸው አይከፈትም አላሉኝም?»

«ደጁ ማን ጠየቀው? እሁድ ጨዋታ አለ፣ ስታዲየም ነው የሚውለው። ሥራው ላይ ገብተን እንይዘዋለን! ከዚያ ወዴት ያመልጣል? ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚለምን። ጉዳዩ ሳይፈጸም አይቀመጥም። የእሱ ሥራ ደግሞ ሰው ማስቀመጥ! ወይ ልጁን ይሰጣል፣ ወይ ከሥራው ይባረራል።»

ምናሉ ለመጀመሪያ ጊዜ በሦስት ወር ውስጥ እንቅልፍ ተኛ። በሕልሙ አቶ ሀይለማርያም ተንበርክከው አያቸው፤ ደስም አለው፣ አፈረም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስቱን ሽማግሌዎች በመኪናው ጭኖ ወደ ዳውንታውን ወረደ። መልከጼዴቅ ከፊት፣ ነጠላውን እንደ ጄኔራል የማዕረግ ጥብጣብ አጣፍቶ፤ ታደሰ የተባለ፣ ሰው ያለውን ሁሉ «እውነት ነው» እያለ የሚያጸድቅ ጓደኛው ከኋላ፤ ከታደሰ ጎን አቶ ባሕሩ። አቶ ባሕሩ ቁጥሩ ሦስት ይሙላ ተብለው የመጡ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። መንገዱን ሙሉ የተናገሩት «ቀበቶዬ አልታሰረም» የሚለውን ብቻ ነው።

ሙሽራ ከላካቸው ሽማግሌዎች ጋር አይቆምም። ምናሉ ከስታዲየሙ ሦስት ብሎክ ርቆ ፓርክ አደረገና መኪናው ውስጥ ቀረ። ሕዝቡ ሲጮኽ ይሰማዋል። በጮኸ ቁጥር ልቡ ወደ ጉሮሮው ይወጣል፤ ዝም ሲል ወደ ጫማው ይወርዳል። ሁለት ሰዓት ተኩል ጠበቀ። ሁለት ሰዓት ተኩል በዚያ ፀሐይ ውስጥ ሁለት ክረምት ነው።

ተመለሱ። መልከጼዴቅ በሩን ከፍቶ ገባና የፊት ወንበሩ ላይ ተንፈላሰሰ። ታደሰ ኦቾሎኒ እየፈለፈለ ነው።

«ሞተሩን አጥፋ» አለ መልከጼዴቅ። «የምነግርህ ነገር ሞተር እየጮኸ አይሰማም።»

«አጥፍቼዋለሁ። እሺ አሉ?»

«ቆይ እንጂ! ወጣን። ደረጃው ስንት መሰለህ? ሦስት ሺህ! ታደሰ መካከል ላይ ሲደርስ ኑዛዜ ጀምሮ ነበር።»

«እውነት ነው» አለ ታደሰ።

«ሐምራዊው ረድፍ ላይ ስንደርስ ሰውዬው ቆሟል። አንገቱን እንደ አውራ ዶሮ ሰብቆ፣ 'ትኬት!' አለኝ። 'ትኬታችን ልጃችን ነው' አልኩት። ደነገጠ። 'ተቀመጡ፣ ከኋላ ያለው አይታየውም' አለ። 'የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም!' አልኩ። ከኋላችን አንድ ሆዱ በርሜል የሚያህል ፈረንጅ 'ሲት ዳውን!' ብሎ ጮኸ። ዞር ብዬ አየሁት። ምንም አላልኩም፤ አየሁት ብቻ። ቢራው ከእጁ ወደቀ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ሰውዬው በንቀት ሳቀ። 'ለዚያ ለሣጥን ተሸካሚ ነው? እሱ ልጄን ሊያገባ? እንኳን ልጄን የልጄን ጫማ ሣጥን አላሸክመውም!' አለ።»

ምናሉ መሪውን ጨበጠ። ጆሮው ጋለ።

«ዝም አልኩት?» አለ መልከጼዴቅ። «'ጠይቀኝ' አልኩ። 'ስለዚህ ደካማ ቡድንህ የፈለግኸውን ጠይቀኝ!' ጠየቀ። 'ረጅሙ ጨዋታ?' 'ሃያ ሁለት ዙር፣ ሃያ ሁለት ኢኒንግ፣ ሳንዲያጎ ላይ፣ 2008፣ ሁለት ለአንድ አሸነፋችሁ፣ ሳታስቡት!' 'ኳሱ የት ነው የሚቀመጠው?' ነገርኩት። ላቡ ወረደ። 'ወርዋሪ ሳይሆን ወርውሮ ያሸነፈው ማነው?' አለ፣ ሊጥለኝ። 'ኳስ ያዡ!' አልኩት። ረድፉ በሙሉ አጨበጨበ።»

«እኔ ነኝ ያስጠናሁዎት» አለ ምናሉ።

«አንተ ቃሉን ሰጠኸኝ፣ እኔ ነፍስ ዘራሁበት። አሁን ስማ። ሰባተኛው ኢኒንግ ላይ፣ ሰውዬው 'ወይድ፣ ሴኩሪቲ እጠራለሁ' ሲል፣ ሰማንያ ሺህ ሕዝብ ብድግ አለ!»

«የሚይዘው ሃምሳ ሺህ ነው።»

«የቀረው ደረጃ ላይ ነበር። ሁሉም ቆሞ ይዘምራል! ከእኛ ጋር ቆሞ! ሰውዬው ዞሮ አየ። ግራ አየ፣ ቀኝ አየ፣ የሚቀመጥ ጠፋ። 'ይህ ሁሉ ሕዝብ ሽማግሌ ሆኖ ከመጣብኝ፣ እኔ ማን ነኝ?' አለና እንባው ሰደርያው ላይ ዱብ ዱብ አለ። እግሬን ሊስም ጎንበስ ሲል በብብቱ ያዝኩት። 'ልጄን ሰጥቻለሁ' አለ። 'ንቄያለሁ፣ ይቅር በሉኝ።'»

በሰባተኛው ኢኒንግ መካከል ሁልጊዜ ሕዝቡ ተነስቶ እንደሚዘምር ምናሉ ያውቃል። አጥንቶታል። ያን ሰዓት ግን ማወቅ አልፈለገም። ደረቱ ውስጥ ሦስት ወር ሙሉ የተጠራቀመው ንቀት፣ የተናቀው መናቅ ሁሉ፣ እንደ በረዶ ሟሟና በዓይኑ ወረደ። ሰማንያ ሺህ ሰው ለእሱ ቆመ! ያ ኩሩ ሰው ለእሱ አለቀሰ! ግንባሩን መሪው ላይ አስደግፎ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። መልከጼዴቅ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ታደሰም በኦቾሎኒ እጁ እንባውን ጠረገ።

ምናሉ ስልኩን አወጣ። የሄራንን ስም አገኘ። አውራ ጣቱ ስሟ ላይ ቆመ።

«ቆይ ልጄ» አሉ ከኋላ አቶ ባሕሩ። ድምፃቸው የሚሰማና የማይሰማ ነበር።

«ባሕሩ፣ ተው» አለ መልከጼዴቅ።

«አትደውል። ወደ ውስጥ አልገባንም። ትኬት አልነበረንም። አቶ ሀይለማርያም ዛሬ የመደቧቸው በር ላይ ነው፤ እዚያው አገኘናቸው። ከመልከጼዴቅ ጋር ከዛሬ በፊት በስልክም በአካልም ተነጋግረው አያውቁም፤ ማን መሆናችንን የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ስለ ዲቪ አላነሱም። ስለ ኳሱም አንድ ነገር አልጠየቁን። እጃችንን በሁለት እጃቸው ጨበጡና 'እኔ ደስ ይለኛል' አሉ።»

ታደሰ ኦቾሎኒውን ወደ ኪሱ መለሰ።

«ታዲያ ለምን . . . ይህን ሁሉ ሰዓት?»

«አንድ ጥያቄ ጠየቁን። 'ልጁ ይወዳታል?' አሉ። መልከጼዴቅ 'ታታሪ ሠራተኛ ነው' አለ። ታደሰ 'ከጨዋ ቤተሰብ ነው' አለ። እኔ 'እንጃ፣ ነግሮን አያውቅም' አልኩ። ከዚያ ተሰናበትንና ማዶ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ምን ብለን እንደምንነግርህ ስንማከር ቆየን።»

አቶ ባሕሩ የመኪናውን መስኮት ትንሽ ዝቅ አደረጉ።

«ልጅቱ የአባቷን ምሳ ይዛ መጥታ፣ እዚያው አጠገባቸው ቆማ ትሰማ ነበር።»